የጣሪያ ጥያቄዎቻችሁ፦ ዚንክ፣ አሉዚንክና የደሴ ክረምት

ግንቦት ሲጋመስ ደሴ ላይ ቆርቆሮ ያልመታ ሰው እንቅልፍ የለውም። ጦሳ ተራራ ላይ ደመና መከመር ሲጀምር አናጺው ሁሉ ይፈለጋል፣ ከየሱቁ ቆርቆሮ ይጫናል። ዘንድሮ ግን ስለ ዋጋ ሳይሆን ስለ ዚንክ የጠየቃችሁኝ በዝታችኋል። ደስ ብሎኛል። ጣሪያ ስንገዛ ዋናው የምንገዛው ነገር ዚንኩ ነው። ቆርቆሮ ዚንክ የተቀባ ብረት ነው፤ ብረቱማ ለብቻው ቢተው በአንድ ክረምት ይዝጋል።

«ልጄ የሚኖረው ጀርመን ነው። የአዲሱ ቤታችን ጣሪያ እንደነሱ አገር ግራጫ ዚንክ ይሁን ይላል። መቶ ዓመት ይቆያል አለኝ። እውነት ነው?» (ከቧንቧ ውሃ፣ ደሴ)

እናቴ፣ ልጅዎ አልተሳሳተም። እሱ ያየው ታይታኒየም ዚንክ የሚባለው ነው። ውስጡ ብረት የለም፤ ላሜራው ራሱ ዚንክ ነው። ከመቶው 99 እጅ በላይ ዚንክ ሲሆን፣ በጣም ትንሽ መዳብና ታይታኒየም ይቀላቀልበታል። ንጹህ ዚንክ ለብቻው ለጣሪያ አይመችም። ከዓመታት በኋላ በራሱ ክብደት ቀስ እያለ ይለጠጣል፣ ይጎብጣል። ታይታኒየሙ ይህንን መለጠጥ ይገታዋል፣ መዳቡ ጥንካሬ ይጨምርለታል። ዝናብና አየር ሲያገኘው ደግሞ ግራጫ ሽፋን ያወጣል። ያ ሽፋን ነው የሚጠብቀው። ቢጫርም ጊዜ ሲያገኝ መልሶ ይሸፈናል። ንጹህ አየር ባለበት ቦታ ከ80 እስከ 100 ዓመት ይገመትለታል። የፓሪስ ከተማ አብዛኛው ጣሪያ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የዚንክ ነው። የዚያች ከተማ የዚንክ ጣሪያ ሠራተኞች ሙያ በ2024 እንደ ፈረንጆቹ በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገብቷል።

ሙያ ያልኩት በምክንያት ነው። ይህ ዚንክ በሚስማር አይመታም። ከሥሩ ወጥ የሆነ የጣውላ ወለል ይፈልጋል፣ ከጣውላው ሥር ደግሞ አየር የሚዘዋወርበት ክፍተት። ላሜራዎቹ ጠርዝ ለጠርዝ ይታጠፉና ይቆለፋሉ። መያዣዎቹም ላሜራው ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ እንዲላወስ የሚፈቅዱ መሆን አለባቸው። ዚንክ ከብረት ሁለት እጥፍ ገደማ ይለጠጣል። 10 ሜትር ርዝመት ያለው ላሜራ በቀን ፀሐይና በሌሊት ብርድ መካከል የ60 ዲግሪ ልዩነት ቢያጋጥመው 13 ሚሊሜትር ይረዝማል፣ ያጥራል። ደሴ ላይ የኅዳርን ሌሊትና የእኩለ ቀን ፀሐይ የሚያውቅ ሰው ይህ ቀልድ እንዳልሆነ ይገባዋል። ጥብቅ አድርገው ከመቱት ይሰነጠቃል።

የኔ ምክር ይኸው፦ ማጠፉንና መቆለፉን ከዚህ በፊት ሠርቶ የሚያሳይዎት ባለሙያ ካላገኙ ይቅርብዎ። ከውጭ ገዝቶ አስመጥቶ በማያውቀው እጅ ማስመታት ገንዘብ ማቃጠል ነው። ልጅዎ የሚልከውን ብር ዚንኩ ወፈር ያለ ጥሩ ቆርቆሮ ላይ ያውሉት።

«ሻጩ ‹ሁሉም ዚንክ ነው› ይለኛል። ተራው ቆርቆሮና አሉዚንክ ልዩነታቸው ምንድን ነው? ምን ብዬ ልጠይቅ?» (ከኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ ቆርቆሮ የሚመረትባት ከተማ ውስጥ ሆነህ ይህንን መጠየቅህ ያኮራል። ሁለቱም ውስጣቸው ብረት ነው። ልዩነቱ የተቀቡት ነገር ነው። ተራው ቆርቆሮ የቀለጠ ዚንክ ውስጥ ያለፈ ብረት ነው። አሉዚንክ የተቀባው ደግሞ ቅይጥ ነው፦ 55 በመቶ አልሙኒየም፣ 43.4 በመቶ ዚንክ፣ 1.6 በመቶ ሲሊኮን። አሜሪካ ውስጥ ለገበያ የቀረበው በ1972 እንደ ፈረንጆቹ ነው። አልሙኒየሙ ቶሎ አይበላም፣ ዚንኩ ደግሞ የተቆረጠውን ጠርዝ ይጠብቃል። ክፍት አየር ላይ ባለ ጣሪያ፣ ሽፋናቸው እኩል ውፍረት ካለው፣ አሉዚንክ ከተራው ቆርቆሮ በግልጽ ይበልጣል።

ሱቅ ስትገባ ሁላችንም የምንጠይቀው ጌጁን ነው። ጌጅ የላሜራውን ውፍረት ይነግርሃል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። የዚንኩን መጠን ግን አይነግርህም። እሱን የሚናገረው ሌላ ቁጥር ነው። «ዜድ 275» ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ፣ የሁለቱም ፊት ተደምሮ፣ 275 ግራም ዚንክ ማለት ነው። በአንዱ ፊት ሲታሰብ ውፍረቱ የአንድ ሚሊሜትር 50ኛ እጅ ገደማ ነው። «ዜድ 100» ከሆነ ከዚያ ግማሹም አይሞላም። ዚንክ ደግሞ በየዓመቱ በጥቂት በጥቂቱ እየታጠበ ስለሚሄድ፣ እጥፍ ዚንክ ማለት እጥፍ ዕድሜ እንደማለት ነው። ለአሉዚንክ «ኤዜድ 150» የሚለውን ፈልግ። ግራሙ ቢያንስም ቅይጡ ቀላል ስለሆነ ውፍረቱ ከዜድ 275 ጋር ይቀራረባል።

ስለዚህ ጥያቄህ «በካሬ ስንት ግራም ነው?» ይሁን። ሻጩ ካላወቀ የፋብሪካውን ወረቀት ያሳይህ። አዲስ ሲሆን ሁሉም ያብለጨልጫል፤ ብልጭታው ምንም አይነግርህም።

«ከተመታ ገና መንፈቁ ነው። በተቆረጠበት በኩል ቡኒ ነጠብጣብ ወጥቶበታል። አጭበረበሩኝ እንዴ?» (ከሰኞ ገበያ)

የተቆረጠው በግራይንደር ከነበረ ችግሩ ከሻጩ ላይሆን ይችላል። የግራይንደር ፍንጣሪ የጋለ ብረት ነው። ቆርቆሮው ላይ ወድቆ ይጣበቅና እዚያው ይዝጋል። ሙቀቱም ጠርዙ ላይ ያለውን ዚንክ ያቃጥለዋል። በላሜራ መቀስ ቢቆረጥ ኖሮ ዚንኩ ጠርዙን ራሱ ይጠብቀው ነበር። አሁን ብናኙን በለስላሳ ብሩሽና በውሃ ያስነሱት፣ ጠርዙን ዚንክ ባለበት ቀለም ይቀቡት። በሽቦ ብሩሽ አይፈግፍጉት።

«ለክረምት ብዬ ገዝቼ በላስቲክ ሸፍኜ ያስቀመጥኩት ቆርቆሮ ነጭ ዱቄት አወጣ።» (ከገራዶ)

ላስቲኩ ነው ጉዱ። ዚንክ ጠባቂ ሽፋኑን የሚሠራው አየር ሲያገኝና ሲደርቅ ነው። ተደራርቦ ውሃ በመሃሉ ከገባ አየር ስለማያገኝ ራሱን መብላት ይጀምራል። ያ ነጭ ዱቄት የተበላው ዚንክ ነው። ዛሬውኑ ነጣጥለው ያቁሟቸው፣ ያድርቋቸው፣ በደረቅ ብሩሽ ይጥረጉ። ሥሩ አሁንም ግራጫ ከሆነ አብሽሩ፣ ይመታል። ጥቁር ወይም ቡኒ የሆነውን ግን ለመኖሪያ ቤት ጣሪያ አያውሉት። ወደፊት ከመሬት ከፍ አድርገው፣ አንዱን ጫፍ ዘንበል አድርገው፣ ንፋስ በሚያገኘው ጣሪያ ሥር ያስቀምጡ።

«ጣሪያዬን አረንጓዴ ቀለም አስቀባሁት። ሁለት ክረምት ሳይሞላው እንደ ሽንኩርት ተላጠ።» (ከፒያሳ፣ ደሴ)

ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣል፣ በየዓመቱም ያናድደኛል። ተራ የዘይት ቀለም በቀጥታ ዚንክ ላይ አይቀባም። የቀለሙ ዘይት ከዚንኩ ጋር ተዋህዶ ሳሙና መሰል ነገር ይፈጥራል፤ ቀለሙ ከሥር ይለቃል። ቀላሚው ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን አያድነውም። የተላጠውን አስነሥተው ጣሪያውን ያሳጥቡ። ከዚያ ለዚንክ ቆርቆሮ የተሠራ ፕራይመር (ከቀለሙ በፊት የሚቀባው መነሻ) ወይም ዚንክ ላይ ይቀባል ተብሎ የተጻፈበት የውሃ ቀለም ይጠቀሙ። ገና የምትገዙ ደግሞ ፋብሪካ የተቀባውን ግዙ።

«ውሃ ስትጠፋ የጣሪያ ውሃ እናጠራቅማለን። ዚንኩ አይጎዳንም?» (ከሮቢት፣ ደሴ)

ዚንኩ አያሳስብዎ። የዓለም ጤና ድርጅት በመጠጥ ውሃ ውስጥ የሚገኘው የዚንክ መጠን ለጤና የሚያሰጋ አይደለም ይላል። በሊትር ከ3 ሚሊግራም ሲያልፍ ግን ውሃው ለጠጪው ላይስማማ ይችላል። የሚያሰጋው የወፍ ኩስ፣ አቧራና ቅጠል ነው። የመጀመሪያውን ዝናብ አፍስሱት፣ አሸንዳውን ጥረጉ፣ ለመጠጥ ከሆነ አፍልታችሁ ጠጡ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ከዚንክ ጣሪያ በላይ የመዳብ ቱቦ አይኑር። መዳብ ላይ የወረደ ውሃ ዚንኩን በፍጥነት ይበላዋል።

«መንገድ ዳር ያለ ፎቅ እየሠራሁ ነው። ግድግዳውን በዚንክ ክላዲንግ ላልብሰው ወይስ በአሉኮቦንድ?» (ከኮምቦልቻ)

ግድግዳ ላይ ዚንክ ከጣሪያው ይልቅ ይቀላል፤ ውሃ አይተኛበትም። ቀለም አይፈልግም፣ አይቃጠልም። አሉኮቦንድ የምንለው ፓነል ግን ከፊትና ከኋላ ስስ አልሙኒየም ነው፤ መሃሉ ፕላስቲክ ከሆነ እሳት ያዛምታል። ፓነል ከመረጥክ መሃሉ ምን እንደሆነ ሳትጠይቅ አትፈርም፤ ሰው የሚያድርበት ፎቅ ነው።

ዚንክ ከመረጥክ፣ ከግድግዳው ጋር አትለጥፈው። ከኋላው ክፍተት ይኑር፣ ከታች አየር ይግባ፣ ከላይ ይውጣ። ልስኑም አልቆ ይድረቅ። እርጥብ ሲሚንቶና ኖራ ዚንክን ይበላሉ፣ አሉዚንክንም እንዲሁ። እርጥብ ሲሚንቶ የነካው ላሜራ ወዲያው ካልታጠበ ምልክቱ አይለቅም።

«ለከብት ማድለቢያ በረት አሉዚንክ ልግዛ?» (ከኮምቦልቻ ዙሪያ)

አትግዛ። ከሽንትና ከፍግ የሚወጣው አሞኒያ የአሉዚንኩን አልሙኒየም ያጠቃዋል። አምራቾችም ለከብትና ለዶሮ ቤት ዋስትና አይሰጡበትም። ዚንኩ ወፍራም የሆነ ተራ ቆርቆሮ፣ በተለይ ከውስጥ በኩል ቀለም የተቀባ፣ ይሻልሃል። የበረቱን አናት ደግሞ ክፍት ተውለት፣ ትነቱ ይውጣ።