ድምፅ የሚቆጥር መሣሪያን መመርመር እንጀራ ይሆናል ወይ?

ውድ ተማሪያችን፣ ደብዳቤሽ ደርሶኝ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። የመሐል ሜዳ ልጅ እንደሆንሽ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ስታቲስቲክስ ስታጠኚ ቆይተሽ የመጨረሻ ዓመትሽ ላይ እንደደረስሽ፣ በሌሎች አገሮች ምርጫ ከመካሄዱ በፊት የኤሌክትሮኒክ ድምፅ መቁጠሪያዎችን አስተማማኝነት የሚመረምሩ ባለሙያዎች መኖራቸውን አንብበሽ ልብሽ ወደዚያ እንዳዘነበለ ገልጸሽልኛል። ጥያቄሽ ሁለት ነው፤ የመመረቂያ ጥናትሽን በዚህ ጉዳይ ላይ ብትሠሪ ያዋጣሻል ወይ፣ ከተመረቅሽ በኋላስ እንጀራ ይሆንሻል ወይ። ጓደኞችሽ «በሬ ሳይኖርሽ ቀንበር ትጠርቢያለሽ» እያሉ እንደሚቀልዱብሽም ጨምረሻል።

ቀልዱ ውስጥ እውነት አለ፤ እሱን ሳልሸፋፍን ልጀምር። በአገራችን ድምፅ የሚቆጠረው በእጅ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተካሄደው ስድስተኛው አገራዊ ምርጫም ድምፁ የተቆጠረው በየምርጫ ጣቢያው፣ ወረቀቱ አንድ በአንድ እየተነሣ ነበር። ስለዚህ «የድምፅ መቁጠሪያ መሣሪያ ኦዲተር ይፈለጋል» የሚል ማስታወቂያ ደብረ ብርሃንም ሆነ አዲስ አበባ ላይ ተለጥፎ አታገኚም። መሣሪያው ባለባቸው አገሮችም ቢሆን ሥራው እንደ አዝመራ ወቅት የሚጠብቅ ነው፤ ምርጫ ሲቃረብ ሌሊትና ቀን የማይበቃው ሰው ምርጫው ሲያልፍ ሌላ የሚሠራው ነገር ሊኖረው ይገባል።

ሆኖም መልሴ «ተይው» አይደለም። ስሙን ትተሽ ሥራውን ብታይው፣ ይህ ባለሙያ ውሎ የሚያድረው የሚቆጥር መሣሪያን በመፈተሽ ነው፤ የሚቆጥር መሣሪያ ደግሞ በአገራችን ሞልቷል። ምርጫ የዚህ ሙያ አንድ ቅርንጫፍ፣ ምናልባትም እጅግ አስቸጋሪው ቅርንጫፍ ነው። አንቺ ግን በግንዱ በኩል እንድትገቢ እመክርሻለሁ።

ሥራው ከምን እንደሚጀምር ላስረዳሽ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ስትፈተኚ ክቧን በእርሳስ አጥቁረሽ ያስረከብሽው የመልስ ወረቀት የታረመው በመሣሪያ ነው። በብዙ አገሮች የድምፅ መስጫ ወረቀት የሚያነበውም በመሠረቱ የዚያ ዓይነት መሣሪያ ነው። መርማሪው ከምርጫው ቀን በፊት ራሱ ምልክት ያደረገባቸውን፣ ውጤታቸውንም አስቀድሞ የሚያውቃቸውን የሙከራ ወረቀቶች ያዘጋጃል። እዚህ ላይ ጀማሪ የሚሳሳተው ለሁሉም እጩዎች እኩል ድምፅ በመስጠት ነው፤ ለሦስት እጩዎች አሥር አሥር ወረቀት ካጠቆርሽ፣ መሣሪያው የአንደኛውን ድምፅ ለሁለተኛው፣ የሁለተኛውን ለአንደኛው ቢያቀያይር ድምሩ ስለማይለወጥ ፈጽሞ አታውቂውም። ልምድ ያለው መርማሪ ግን ለአንዱ 7፣ ለሌላው 11፣ ለሦስተኛው 16 ይሰጥና ባዶ ወረቀት፣ ሁለት እጩ የተመረጠበት፣ ምልክቱ የደበዘዘ፣ ተገልብጦ የገባ ወረቀት ይጨምርበታል። ከዚያ መሣሪያው ከዜሮ መጀመሩን ታትሞ በሚወጣው ወረቀት ያረጋግጣል፣ የሙከራ ወረቀቶቹን ያስነብባል፣ የወጣውን ውጤት ከሚያውቀው ጋር ያመሳክራል፣ ቆጣሪውን ወደ ዜሮ መልሶ በፓርቲ ወኪሎች ፊት ያሽጋል፣ የእሽጉንም ቁጥር ይመዘግባል። እህል ተራ ውስጥ ሚዛኑ ባዶውን ዜሮ ላይ መቆሙን ሳያይ ጤፉን የሚያስመዝን የመንዝ ገበሬ እንደሌለ አንቺ ከእኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ።

ይህ ተራ የሚመስል ሥራ ከምን እንደሚያድን ከፊሊፒንስ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። አገሪቱ በመላ ግዛቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በመሣሪያ የሚቆጠር ምርጫ ለማካሄድ የቆረጠችው ለሜይ 10 ቀን 2010 እ.ኤ.አ. ነበር። ሳምንት ሲቀረው፣ ሜይ 3 ቀን፣ በመጨረሻው ፍተሻ ላይ መሣሪያዎቹ የአካባቢ እጩዎችን ድምፅ በትክክል እንደማያነቡ ታወቀ። የአገር አቀፍ እጩዎች ዝርዝር በወረቀቱ አንድ ገጽ፣ የአካባቢዎቹ ደግሞ በሌላው ገጽ ታትሞ ነበር፤ የመስመሮቹ ርቀት በሁለቱ ገጾች የተለያየ ሆኖ ሳለ፣ በማስታወሻ ካርዶቹ ላይ የተጫነው ትእዛዝ ሁለቱንም በአንድ ርቀት እንዲያነብ የሚያዝ ነበር። ከ76,000 በላይ ካርዶች ከየደሴቱ ተሰብስበው እንዲስተካከሉ ተደረገና ምርጫው በቀኑ ተካሄደ። መሣሪያው አልተበላሸም፣ ፕሮግራሙንም ማንም ሰርጎ አልነካም። ያን ስህተት ያወጣው እውነተኛውን ወረቀት በእውነተኛው መሣሪያ ውስጥ አስገብቶ በእጅ ከተቆጠረው ጋር ማወዳደር ብቻ ነው።

ፍተሻ ሁሉ ግን ፍተሻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2004 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ ካርተሬት በተባለ አካባቢ፣ ቀድመው ድምፅ የሰጡ የ4,438 ሰዎች ድምፅ ጠፍቶ ቀረ። ኃላፊዎቹ መሣሪያው 10,500 ድምፅ ይይዛል ብለው አምነው ነበር፤ በተግባር ግን ማስታወሻው 3,005 ላይ ሞላ፣ ከዚያ በኋላ የመጣው መራጭ ሁሉ ድምፅ የሰጠ መስሎት ወጣ። ይህን መሣሪያ በሃምሳ የሙከራ ድምፅ ብትፈትሺው ያለ አንዳች እንከን ያልፍ ነበር። ስለዚህ የፍተሻው መጠን የእውነተኛውን ቀን ሸክም የሚያህል መሆን አለበት። ከዚህም የባሰ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በቤልጅየም ስካርቤክ ከተማ አንዲት እጩ ከተገቢው በላይ 4,096 ድምፅ አገኘች፤ ይህ ቁጥር 2 አሥራ ሁለት ጊዜ በራሱ ሲባዛ የሚገኘው ነው። በፕሮግራሙ ውስጥ ስህተት አልተገኘም፤ ባለሙያዎቹ የደረሱበት ግምት በማስታወሻው ውስጥ አንዲት ቢት (0 ወይም 1 ብቻ የምትይዝ የማስታወሻው ትንሿ ክፍል) በድንገት ተገልብጣለች የሚል ነበር። ስህተቱ የታወቀውም ቁጥሩ ሊሆን ከሚችለው በላይ ስለነበረ ብቻ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር ማንም ከምርጫው በፊት ፈትሾ አያገኘውም፤ በኋላ ተመልሶ የሚቆጠር ወረቀት ካልተቀመጠ በቀር መፍትሔ የለውም። ናሚቢያ እ.ኤ.አ. በ2014 በአፍሪካ ቀዳሚ ሆና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ድምፅ ካሰጠች በኋላ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ በ2020 የወረቀት ማረጋገጫ በሌለው መሣሪያ መጠቀም ሕግን የተከተለ አይደለም ብሎ የወሰነበትን ምክንያት ከዚህ ጋር አያይዘሽ አንብቢው። የጀርመን ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2009 ተራው ዜጋ ያለ ልዩ ዕውቀት የቆጠራውን ዋና ዋና ሂደት መከታተል መቻል አለበት ብሏል፤ እኔ በግሌ ከዚህ ውሳኔ ጋር ነኝ፤ የአገራችንን የእጅ ቆጠራም ለመናቅ አልቸኩልም።

አሁን ወደ አንቺ ዕውቀት ልምጣ፤ በዚህ ሙያ ውስጥ የስታቲስቲክስ ተማሪ ከፕሮግራም ጸሐፊው ይልቅ የሚፈለግበት ቦታ አለና። የአሜሪካ መመዘኛ ለረጅም ጊዜ የጠየቀው በብልሽት መካከል ያለው አማካይ ጊዜ ቢያንስ 163 ሰዓት እንዲሆን ነበር። ቁጥሩ ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። የብልሽቱን መጠን ቋሚ አድርገሽ በኤክስፖኔንሻል ስርጭት ብታሰይው ግን፣ 15 ሰዓት በሚዘልቅ የምርጫ ቀን ከ100 መሣሪያዎች 9 ያህሉ ይቆማሉ ማለት ነው። ሌላም ልጨምርልሽ፤ አንድ ጽሕፈት ቤት 200 መሣሪያ ኖሮት 10ሩ የተበላሹ ቢሆኑ፣ አንቺም 20 መሣሪያ በዕጣ መርጠሽ ብትፈትሺ፣ አንድም የተበላሸ ሳያጋጥምሽ የመቅረቱ ዕድል 34 በመቶ ገደማ ነው። ከሦስት መርማሪ አንዱ «ሁሉም ደህና ነው» የሚል ሪፖርት በንጹሕ ኅሊና ጽፎ ይመለሳል። ይህን ስሌት ለኃላፊ በቀላል ቋንቋ ማስረዳት የሚችል ሰው ብዙ አይገኝም።

ከዚህ ተነሥቼ ስለ ጥናትሽ የምለው ይህ ነው። በየዓመቱ «የኤሌክትሮኒክ ምርጫ ሥርዓት መገንባት» የሚል ርዕስ ይዘው የሚመጡ ተማሪዎች ያጋጥሙኛል፤ አብዛኛው ሥራ የመግቢያ ገጽና የይለፍ ቃል ሆኖ ይቀራል፣ ሥርዓቱ በትክክል መቁጠሩን ግን የሚጠይቅ የለም። አንቺ አትገንቢ፤ ፈትሺ። ተራ ስካነርና በነጻ የሚገኝ የመልስ ወረቀት ማንበቢያ ፕሮግራም ይበቃሻል። ባለ አራት ምርጫ መቶ ጥያቄ ያለው ወረቀት 200 ብታዘጋጂ 80,000 የሚነበቡ ቦታዎች ይኖሩሻል። ሁሉም ያለ ስህተት ቢነበቡ፣ በ95 በመቶ መተማመኛ የስህተቱ መጠን ከ80,000 ሦስት፣ ማለትም ከ26,000 አንድ አይበልጥም ለማለት ትችያለሽ። ፍጹም ነው ለማለት ግን አትችዪም። የአሜሪካው መመዘኛ ለረጅም ጊዜ በፍተሻ ወቅት ከ500,000 ቦታዎች ከአንድ ስህተት በላይ አይቀበል እንደነበር ስታስታውሺ፣ ያን ለማረጋገጥ ስንት ቦታ ያለ ስህተት ማስነበብ እንደሚያስፈልግ ራስሽ አስዪው። ወረቀቶቹን አንድ ሰው በአንድ እርሳስ ካጠቆራቸው ምልክቶቹ እርስ በርሳቸው ነጻ ስላልሆኑ ስሌቱ እንደሚያሳስት አትርሺ፤ እርሳስም እስክሪብቶም፣ የተጣጠፈም የተጨማደደም፣ ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ሰዎች ምልክት ያደረጉበትም ይኑርበት። የሚቻልሽ ከሆነ በደብረ ብርሃን ብርድ ያስነበብሻቸውን ወረቀቶች ከጣርማ በር ዋሻ ማዶ ወርደሽ በሸዋ ሮቢት ሙቀት ድገሚያቸው፤ ወረቀት እርጥበት ሲይዝና ሲደርቅ ልኩ ስለሚለዋወጥ ውጤቱ ላይለወጥም ይችላል፣ ሊለወጥም ይችላል፤ የትኛውም ቢሆን ጥሩ ምዕራፍ ይወጣዋል።

ሥራን በተመለከተ፣ ከምረቃ በኋላ ማመልከቻሽን የምታስገቢባቸው በሮች ቆጠራና ልኬት የሚመረመርባቸው ናቸው። የኢትዮጵያ ስነ-ልክ ኢንስቲትዩት፣ የኢትዮጵያ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት፣ የባንኮች የመረጃ ሥርዓት ኦዲት ክፍሎች፣ የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደር፤ በእነዚህ ቦታዎች ሚዛን፣ የኤሌክትሪክ ቆጣሪ፣ የነዳጅ መቅጃ ወይም የባንክ ሥርዓት የሚፈተሽበት አስተሳሰብ ከላይ ካየነው የተለየ አይደለም። ለፍተሻ ላቦራቶሪዎች የወጣውን አይኤስኦ/አይኢሲ 17025 የተባለ ደረጃ ከአሁኑ አንብቢው። ሲሳ የሚባለው ዓለም አቀፍ የመረጃ ሥርዓት ኦዲተሮች የምስክር ወረቀት ፈተና ከማለፍ ሌላ የአምስት ዓመት የሥራ ልምድ የሚጠይቅ ስለሆነ (የተወሰነው በትምህርት ይካካሳል)፣ ዛሬ ገንዘብ አታውጪበት። አገራችን አንድ ቀን መሣሪያ ለማስገባት ብታስብ፣ ወይም የአፍሪካ ታዛቢ ቡድኖች ባለሙያ ቢፈልጉ፣ የሚጠሩት በዚህ መንገድ ያደገውን ሰው ነው።

አንድ ነገር ቀድመሽ ወስኚ። ይህን ሥራ የምትፈልጊ ከሆነ ከፓርቲ አባልነት ራቂ፤ ስሌትሽ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ በአባልነት መዝገብ ላይ ስምሽ ያለበትን ሰው ሪፖርት ተሸናፊው ወገን አያምነውም። ሪፖርት ስትጽፊም የፈተሽሽውን ብቻ ሳይሆን ያልፈተሽሽውንም በግልጽ መዝግቢ።

አማካሪሽ መምህር «ምርጫ» የሚለው ቃል ርዕሱን ያከብደዋል ካሉሽ አትከራከሪያቸው። «በወረቀት ላይ የተደረገ ምልክትን የሚያነብ ሥርዓት አስተማማኝነት ግምገማ» ብለሽ አስገቢው፤ የድምፅ መስጫ ወረቀቱን በሦስተኛው ምዕራፍ ውስጥ እንደ አንድ ምሳሌ ታደርጊዋለሽ። የመጀመሪያዎቹን ሃምሳ ወረቀቶች አስነብበሽ ስትጨርሺ ውጤቱን ላኪልኝ፤ በተለይ መሣሪያው ያላነበባቸውን።