ወፍጮውን ከመግዛታችሁ በፊት ገረባውን አድርቁት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። መርካቶ ዙሪያ ካሉ ጫት ቤቶች ገረባ (ከጫት የሚተርፈውን እንጨት) እየሰበሰባችሁ የከሰል ብሪኬት፣ ማለትም ተጨምቆ የተሠራ ከሰል፣ ልትሠሩ አስባችኋል፤ «ስንት ፈረስ ጉልበት ያለው ወፍጮ እንግዛ?» ነው ያልሽው። እኛም ተክለሃይማኖት አካባቢ በተከራየናት ሼድ ይህንኑ ስለሞከርን የደረሰብንን ልንገርሽ። የፈረስ ጉልበቱን ነገር ለመጨረሻ አቆዪው።

እኛ የጀመርነው በመዶሻ ወፍጮ ነበር። ገረባውን እንደመጣ፣ ገና እርጥቡን ከተትነው። የጫት እንጨት ልጡ ጅማታም ነው፤ እርጥብ ሲሆን አይሰበርም፣ እየተላጠ ዘንጉ ላይ ይጠመጠማል። ወንፊቱ ተደፈነ፣ ሞተሩ ጋለ፣ ቺንጋው መሽተት ጀመረ። በዚህ ላይ ጫቱ የታሰረበት የፕላስቲክ ገመድ ገብቶ ቀለጠና ኩሽኔታውን በላው። ሳምንቱን ሙሉ ቶርኖ ቤት ስንመላለስ ከረምን። ጥፋቱ የማሽኑ አልነበረም፤ የእኛ ነው።

የመዶሻ ወፍጮ የሚሠራው በመምታት ስለሆነ ደረቅና ተሰባሪ ነገር ይወዳል። ጅማታም ነገር ግን ስለት ነው የሚፈልገው። ስለዚህ መጀመሪያ ገመዱን፣ ፌስታሉን፣ ሽቦውንና ኮባውን በእጅ ልቀሙ። ይህ ሥራ አሰልቺ ቢሆንም ለሰው ከፍላችሁም ቢሆን አሠሩት፤ አንዲት ሚስማር ወፍጮ ውስጥ ገብታ ብልጭታ ብትፈጥር ብናኙ እሳት ሊይዝ ይችላል። ከዚያ ገረባውን አድርቃችሁ በቢላ መቁረጫ ከ2 እስከ 5 ሳንቲሜትር ቆራርጡት።

ዋናው ነገር ግን እዚህ ላይ ነው። ከሰል ልታደርጉት ከሆነ ጥሬውን ማድቀቅ ምን ይጠቅማችኋል? የከሰለ እንጨት በጣት ይፈረፈራል፤ ትንሽ ሞተር ይበቃዋል። ጥሬው ከደቀቀ ደግሞ በምናከስልበት በርሜል ውስጥ ይጠቀጠቅና ሙቀቱና ጋዙ መተላለፊያ ያጣል፣ መሃሉ ሳይከስል ይቀራል። እኛ አሁን ቆርጠን፣ አክስለን፣ የከሰለውን ነው በባለ 3 ሚሊ ወንፊት የምናደቀው።

ማክሰሉን ግን ሰፈር ውስጥ አትሞክሩት። ጭሱ ጎረቤት ይጎዳል፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ደግሞ ሽታ የለውም፣ ሰው ይገድላል። እኛ የቆራረጥነውን ጭነን ከከተማ ወጣ እናደርገዋለን። ያልተቆረጠ ገረባ አይሱዙውን ይሞላዋል እንጂ ክብደቱ ምንም አይደለም፤ ከተቆረጠ በኋላ በአንድ ጉዞ የምንጭነው በጣም ጨምሯል።

ድርቀቱን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግሽም። 1 ኪሎ መዝነሽ በዝግታ እሳት፣ ሳይቃጠል፣ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም አድርቂው። 880 ግራም ላይ ከቆመ እርጥበቱ 12 በመቶ ነበር ማለት ነው። እኛ ከ15 በመቶ በላይ የሆነውን ወደ በርሜል አናስገባም። ከሰኔ እስከ መስከረም ፀሐይ ስለማይታመን ለክረምቱ የሚሆነውን በበጋ አድርቃችሁ ከጣሪያ በታች፣ ከመሬት ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡ።

ሞተር ከመግዛታችሁ በፊት ሼዱ ሦስት ፌዝ (ለትልልቅ ሞተር የሚሆን) የመብራት መስመር እንዳለው አከራዩን ጠይቂ። አንድ ጆንያ የደረቀ ገረባ ይዘሽ ብትመጪ ደግሞ በእኛ መቁረጫ እንሞክረዋለን፤ በሰዓት ስንት ኪሎ እንደሚወጣው አይተሽ የፈረስ ጉልበቱን ያኔ ትወስኛለሽ።