ኮዱንም ግጥሙንም ለምትወዱ የወሎ ልጆች

ውድ ልጆቼ፣

ኮምቦልቻ ሶፍትዌር የምትማር አንዲት ልጅ «ዌብ መሥራት ደስ ይለኛል፣ ፕሮግራሚንጉም ይገባኛል፣ ማታ ማታ ደግሞ ግጥም እጽፋለሁ። የቱን ልተው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው የእሷ ብቻ ስላልሆነ ደሴም ወልድያም ላላችሁት አብሬ ልመልስ። አንዱንም አትተዉ። ግን በየፊናቸውም አታኑሯቸው፤ አንዱን ለሌላው አሠሩት።

የመመረቂያ ሥራ ሲደርስ ምን ልሥራ ብሎ የሚጨነቅ ተማሪ ብዙ ነው። መጨረሻ ላይ የሚሠራው ያው በቪዲዮ ያየውን የአየር ሁኔታ ማሳያ ወይም የዕለት ሥራ መመዝገቢያ ነው። ግጥም የሚጽፍ ልጅ ግን የሚሠራው ነገር አጠገቡ አለለት። ለምሳሌ ቤት መምታትን ኮምፒውተር እንዲያውቅ አድርጉ እስቲ። ለዚህ ደብዳቤ ብዬ የቋጠርኳትን እንያት (ጦሳ ከደሴ በላይ ያለው ተራራ ነው)፦

ጉሙ ከጦሳ ላይ ደሴን ሲያለብሳት፣
እኔን ግን በረደኝ እሷን ባይኔ ባጣት።

ሁለቱም ስንኞች በ«ት» ያልቃሉ። ፓይተንን (ኮድ የሚጻፍበት ቋንቋ ነው) ኮምፒውተር «ት»ን የሚያውቅበትን ቁጥር ብትጠይቁት 4725 ይላችኋል። የመጀመሪያው ፊደል የ«ሀ» ቁጥር 4608 ነው። ልዩነቱን ለ8 አካፍሉት፤ 14 ይደርስና 5 ይተርፋል። ድርሻው የፊደሉን ዘር፣ ቀሪው ደግሞ ከዜሮ ሲቆጠር ስንተኛ ቤት እንደሆነ ይነግራችኋል፤ 5 ሳድስ ነው። በሳድስ ሲያልቅ ጆሮ አንድ ፊደል ወደኋላ ሄዶ ድምፁን ይፈልጋል። «ሳ» 4659 ነው፣ «ጣ» 4899፤ ሁለቱም ላይ ያንኑ ሒሳብ ብትሠሩ 3 ይተርፋል፣ ራብዕ ማለት ነው። እንግዲህ ቤቱ መታ። ጥቂት መስመር ኮድ ይበቃዋል፤ ግን ጆሯችሁ ሳታስቡት የሚሠራውን ሥራ ተራ በተራ እንድትናገሩት ያስገድዳችኋል። ፕሮግራሚንግ የምለው ይህንን ነው።

ይህ ሒሳብ የሚሠራው ፊደላችን በዩኒኮድ፣ ለዓለም ፊደሎች ሁሉ ቁጥር በሚሰጠው የጋራ ደንብ፣ በስምንት በስምንት ተደርድሮ ስለገባ ነው። ግዕዝ ፊደል የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ለፊደሉ የየራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር፤ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ደብዳቤያችሁን ብትከፍቱት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝባዝንኬ ይጠብቃችኋል። የእኔ ዘመን ሰዎች የጻፍነው ብዙ ነገር እንዲያ ሆኖ ቀርቷል። እናንተ የተደላደለ መሬት ላይ ነው የጀመራችሁት፤ ተጠቀሙበት።

ፕሮግራማችሁ የት ላይ እንደሚሰናከል ማየት ደግሞ የበለጠ ያስተምራል። የስንኙን ቀለም (የአነባበቡን ክፍል) ይቁጠርልኝ ብትሉት ይሳሳታል፤ ሳድሱ አንዴ ይነበባል አንዴ ይዋጣል፣ ፊደሉ አይለየውም። ጥብቀትና ላላትንም፣ ድምፁ ጠብቆ ይሁን ላልቶ የሚነበበው፣ አንጽፍም። «ገና» በዓሉ ይሁን ያልደረሰው፣ «ዋና» ወንዝ ውስጥ ይሁን አለቃው፣ ማሽኑ በምን ይወቅ? ቅኔ የሚቋጠረው ደግሞ ብዙ ጊዜ እዚያች ክፍተት ላይ ነው።

ወደ ዌብ ልመለስ። ግጥም ገጽ ላይ ማስቀመጥ ቀላል ይመስላል። ጽሑፉን ብቻ ኤችቲኤምኤል (የዌብ ገጽ የሚጻፍበት ቋንቋ) ውስጥ ብትለጥፉት ብሮውዘሩ መስመሩን ሁሉ አንድ አድርጎ እንደ ስድ ንባብ ያፈሰዋል። መስመር ሰባሪው የኤችቲኤምኤል ምልክት ለምን እንደሆነ በራሱ በደንቡ ተጽፏል፤ ምሳሌ ሆነው ከተጠቀሱት አንዱ ግጥም ነው። ብዙ ሰው ግን ክፍተት ለማብዛት ያለ ቦታው ይደረድረዋል (ይህን ሳይ ይከነክነኛል)። ስልክ ላይ ደግሞ ረጅም ስንኝ ራሱ ይታጠፋል፤ አንባቢው ገጣሚው የሰበረውን ከስልኩ ካጠፈው አይለይም። የታጠፈው ክፍል ትንሽ ገባ ብሎ እንዲጀምር አድርጉለት። ፍለጋም ስትሠሩ «ዓለም» ብሎ የጻፈውና «አለም» ብሎ የጻፈው እንዲገናኙ ሀሐኀን፣ ሰሠን፣ አኣዐዓን፣ ጸፀን ለፍለጋው ብቻ አንድ አድርጉ፤ የገጣሚውን አጻጻፍ ግን አትንኩበት።

ከዚህ በኋላ ፍሬምወርክ፣ ዌብ የሚሠራበትን የተዘጋጀ የኮድ ማዕቀፍ፣ ተማሩ። ከዚህ በፊት ከሆነ ስሙን ነው የምትማሩት።

ስለ ሰሜን ወሎው የዋድላ የቅኔ ቤት ሲነሣ ሁሉም ሰምና ወርቅን ያወራል። እኔ የምቀናው በነገራው ነው። ተማሪው ብቻውን ቅኔ ሲቆጥር (ሲያወጣ) ይውልና ያፈለቀውን መምህሩ ፊት ይነግራል፤ መምህሩ ያርማል፣ የቆመው ጓደኛም የሰው እርማት ሰምቶ ይማራል። ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ተነሥቶ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ የሚደረሰው እንዲህ ነው። ኮዳችሁንም እንዲሁ ንገሩ። ሦስት አራት ሆናችሁ ተቀመጡ፣ አንዱ የጻፈውን መስመር በመስመር ያስረዳ፣ ሌላው ይጠይቅ። ዛሬ ኮዱን ማሽን የሚጽፍላችሁ ብትሆኑም ያው ነው፤ አፋችሁን ሞልታችሁ ማስረዳት ያልቻላችሁትን መስመር የኔ ነው አትበሉ።

እንጀራን በተመለከተ አጭር ነው መልሴ። የቤት ኪራይ የሚከፍለው ሶፍትዌሩ ነው፤ ከግጥም ገንዘብ አትጠብቁ፣ ሲመጣ ግን ተቀበሉ።

አንድ የቀረ ሥራ አለ፤ ከእናንተ የተሻለ የሚሠራው አይታየኝም። የወሎ መንዙማ ነው። እንደ ሸህ ጦልሃ ያሉ ዑለሞች በአማርኛ ገጥመው በዓረብኛ ፊደል፣ በአጀሚ፣ ጽፈውታል፤ ብዙው ደግሞ በሐድራ፣ መንዙማ በሚባልበት ጉባኤ፣ ላይ በቃል ሲባል የኖረ ነው። ይህን የሚይዝ ዳታቤዝ ለመሥራት ስትቀመጡ የተለመደው ሠንጠረዥ አይበቃችሁም። ርዕስ የሌለው አለ፣ አንዱን ስንኝ ሁለት አካባቢ ለየብቻ ይለዋል፣ ተቀባዮቹ የሚመልሱት አዝማች በየመሐሉ ይገባል። አጀሚው ከቀኝ ወደ ግራ፣ ፊደሉ ከግራ ወደ ቀኝ ሆነው በአንድ ገጽ መታየት አለባቸው። በድምፅ የተቀዳውን ከጽሑፉ ጋር ማገናኘትም አለ። ሠንጠረዡን ከመንደፋችሁ በፊት ሂዱና የሚያውቁትን አባቶች ጠይቁ፤ እግር አጥፋችሁ አዳምጡ። መንዙማው ዱዓና ውዳሴ ስለሆነ ኢንተርኔት ላይ እንዳይወጣ የሚፈልጉት ይኖራል። ያንን በስልካችሁ ቀድታችሁ ቢሆን እንኳ አታውጡት፤ ለፈቀዱት ደግሞ ስማቸው እንዴት እንዲጻፍ እንደሚሹ እዚያው ጠይቃችሁ መዝግቡ።