«መገለጥ» ወይስ «መንቃት»?

ጥያቄ፦ ስለ ቡድሃ አስተምህሮ የተጻፈ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። «ኢንላይትንመንት»ን «መገለጥ» ልበለው ወይስ «አብርሆት»? «ማይንድ»ስ «አእምሮ» ቢባል ይበቃል? ዩኒቨርስን የሚመለከተውን ክፍልስ «ጠፈር» ልበል ወይስ «ዓለም»?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ከሁለቱም ይልቅ «መንቃት» እንዲሉት እመክራለሁ። እንግሊዝኛው ራሱ ትርጉም ነው፤ ብርሃንን ያስገቡት የአውሮፓ ተርጓሚዎች ናቸው። በፓሊና በሳንስክሪት፣ የቡድሃ ትምህርት በተጻፈባቸው የሕንድ ጥንታዊ ቋንቋዎች፣ «ቡድ» የሚለው ሥር ከእንቅልፍ መንቃትንና ማወቅን ይይዛል። «ቦዲ» መንቃት፣ «ቡድሃ» የነቃው ማለት ነው። በፓሊ ጽሑፎች ውስጥ ዶና የተባለ ብራህማን (ከሕንድ የካህናት ወገን የሆነ ሰው) ቡድሃን አግኝቶ አምላክ ይሆን ወይስ ሰው ብሎ ይጠይቀዋል። ቡድሃ ሁሉንም አይደለሁም ካለ በኋላ የነቃ ነኝ ብሎ ይመልሳል። እዚህ ቦታ ላይ «የተገለጠለት ነኝ» ብለን ብንጽፍ ምላሹ ይበላሻል።

ምክንያቱ ሰዋስው ውስጥ ነው። «ተገለጠለት» ስንል ባለቤቱ የተገለጠው ነገር ነው፤ ሰውየው «ለት» በምትለው ምዕላድ ተቀባይ ሆኖ ይቀራል፣ ከጀርባውም ገላጭ አለ። በቤተ ክርስቲያን አማርኛ ይህ ትክክለኛና የከበረ ቃል ነው፤ ሲዳርታ ጎታማ (ቡድሃ ከመንቃቱ በፊት የተጠራበት ስም ነው) ግን ሕንድ ውስጥ በቦድጋያ ዛፍ ሥር ሲቀመጥ ገላጭ አልጠበቀም። «ነቃ» ባለቤቱን ሰውየውን ያደርገዋል። «አብርሆት»ን ደግሞ ለ18ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ፍልስፍና እንተወው፤ አዲስ አበባ 4 ኪሎ ያለው ቤተ መጻሕፍትም ስሙን ከወሰደ ወዲህ ከንባብና ከዕውቀት ጋር ተቆራኝቷል። «ንቃት» ብሎ ማሳጠርም ይቻል ነበር፤ ሆኖም ከተማሪዎች ንቅናቄ ዘመን ጀምሮ «የፖለቲካ ንቃት»፣ «ማንቃትና ማደራጀት» ሲባል ስለኖረ ያንኑ ያስታውሳል። «መንቃት» ንጹሕ ነው።

ወደ «ማይንድ» እንምጣ። «አእምሮ» ዛሬ ወደ ጭንቅላትና ወደ ሐኪም ቤት አዘንብሏል። በፓሊ «ቺታ» የሚባለው ግን የሚያስበውንም የሚሰማውንም አንድ ላይ ይይዛል። ይህን የሚችል ቃል በእጃችን አለ፦ ልብ። ልጁ ልብ ገዛ፣ ልቡ ሸፈተ፣ ልብ አድርግ እንላለን፤ አንዳቸውም ደም ስለሚረጨው አካል አይናገሩም። ቻይናውያን ተርጓሚዎችም ለዚሁ ሐሳብ የመረጡት ልብ የሚለውን ቃላቸውን ነው። ስለዚህ እንደ አገባቡ «ልብ» ወይም «ልቡና» ይበሉ። እንግሊዝኛው «ማይንድፉልነስ» የሚለው፣ በፓሊ «ሳቲ»፣ «ልብ ማለት» ቢባል ከዚህ የተሻለ አላገኝለትም። ትንፋሽህን ልብ በል ሲባል ማንም አማርኛ ተናጋሪ ምን እንደታዘዘ ያውቃል።

ለዩኒቨርስ «ዓለም» ይሻላል፤ ብዙ ሲሆን «ዓለማት»። «ጠፈር» ከላያችን ያለውን ብቻ ይነግረናል። ቡድሃ ግን ዓለምም፣ የዓለም መነሻም፣ ማብቂያዋም ቁመቱ ከእጅ ዝርጋታ በማይበልጥ፣ ልብ ባለው በዚህ አካል ውስጥ እንዳሉ ሮሂታሳ ለተባለ ሰማያዊ ፍጡር አስተምሯል። ይህን «ጠፈር» አይሸከመውም።

አንድ ያልጠየቁኝን ልጨምር። አደራ፣ ስሙን «ቡዳ» ብለው አይጻፉ። በእኛ ዘንድ ያ ቃል ሰው ሲገለልበትና ሲጎዳበት የኖረ ነው፤ የሚሊዮኖችን መምህር በዚያ ፊደል መጥራት ነውር ነው። «ድ»ንና «ሃ»ን ለይተው «ቡድሃ» ይበሉ።

ታሪኩ ደግሞ ለግዕዝ ባዳ አይደለም። የደብረ ሊባኖሱ ዕጨጌ እንባቆም በ1553 እ.ኤ.አ.፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ ከዐረብኛ የመለሱት የበረላምና የይዋሴፍ መጽሐፍ መነሻው የቡድሃ ሕይወት ነው፤ ቤተ መንግሥቱን ትቶ የሚመንነው ልዑል ክርስቲያን ሆኖ ይተረካል። ይዋሴፍ የሚለው ስም «ቦዲሳትቫ»፣ ማለትም ወደ መንቃት የሚጓዝ፣ ከሚለው የወጣ ነው። በዐረብኛ ጽሕፈት ከሥሩ አንድ ነጥብ ያለው «በ» ሁለት ነጥብ ካለው «የ» ጋር ተምታቶ «ቡዳሳፍ» «ዩዳሳፍ» ሆነ። ለትርጉምዎ መግቢያ ሲጽፉ ይህን ቢያነሱት አንባቢዎ ይጠቀማል።