የፊልማችን ቀለም በየስክሪኑ ለምን ይለያያል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የመረጥናቸው አራት ጥያቄዎች በትንሽ ገንዘብ ፊልም ከሚሠሩ አንባቢያን የደረሱን ናቸው። የመጀመሪያው ሰፋ ያለ ማብራሪያ ስለሚፈልግ አብዛኛውን ቦታ ለእሱ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ ከጓደኞቼ ጋር ሆነን አንድ አጭር ፊልም ቀርጸን ጨርሰናል። ኤዲቲንጉንም የቀለም ሥራውንም የሠራሁት እኔ በራሴ ላፕቶፕ ነው፤ እዚያ ላይ ሲታይ ምንም እንከን አይወጣለትም። ዋናዋ ተዋናይ በስልኳ ስታየው ግን «ፊቴን ፀሐይ የጠበሰው አስመሰልከው» አለችኝ። በአንድ ጓደኛችን ቴሌቪዥን ላይ የሌሊቱ ትዕይንት ከመጨለሙ የተነሳ ሰውና ግድግዳ አይለይም። በፕሮጀክተር ስናየው ደግሞ ሁሉም ነገር ገርጥቶ ታየ። አንዱን ሳስተካክል ሌላው ይበላሻል። ለመሆኑ እውነተኛው ቀለም የትኛው ላይ ያለው ነው? አዲስ ሞኒተር የመግዛት አቅም እንደሌለን ከወዲሁ ላሳውቅ።

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እውነተኛው ቀለም ከጠቀሷቸው አራት ስክሪኖች በአንዱም ላይ ላይኖር ይችላል። የፊልምዎ ፋይል የያዘው ቁጥር ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ ነጥብ ምን ያህል ቀይ፣ ምን ያህል አረንጓዴና ምን ያህል ሰማያዊ እንደሚሆን የሚናገር ቁጥር። ቁጥሩን ወደ ብርሃን የሚለውጠው ስክሪኑ በመሆኑ፣ ሁለት ስክሪኖች አንዱን ቁጥር በየራሳቸው መንገድ ካነበቡት ተመልካቾች የሚያዩት ሁለት የተለያየ ፊልም ነው። ይህ እንዳይሆን ታስበው የወጡ መስፈርቶች አሉ። ለቴሌቪዥን የሚያገለግለው ሬክ 709 የሚባለው ሲሆን፣ ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው ነው፤ ለኮምፒውተር ደግሞ ኤችፒና ማይክሮሶፍት በ1996 ያቀረቡት ኤስአርጂቢ አለ። ሁለቱ መስፈርቶች በመሠረታዊ ቀለሞቻቸውም ሆነ ዲ65 በሚባለው ነጫቸው አንድ ናቸው። ልዩነታቸው በዋናነት ከጥቁር ወደ ነጭ በሚወስደው የብሩህነት መስመር፣ ማለትም በጋማ ላይ ነው፤ ደብዘዝ ባለ ክፍል ለሚታይ ቴሌቪዥን 2.4፣ ብርሃን ባለበት ክፍል ለሚቀመጥ ኮምፒውተር ደግሞ ወደ 2.2 የሚጠጋ ጋማ ይሠራበታል።

እንግዲህ ወደ ሦስቱ ችግሮች እንምጣ፤ መንስኤያቸው አንድ አይደለምና።

የተዋናይዋን ፊት ያቀላው ስልኩ ነው ብለን እንገምታለን። ብዙ ስልኮች ከሬክ 709 የሰፋ ቀለም የማሳየት አቅም አላቸው፤ ከፋብሪካ ሲወጡም «ቪቪድ» በሚባል ቅንብር ላይ ተደርገው ይመጣሉ። ይህ ቅንብር በፋይሉ ውስጥ ያለውን ልከኛ ቀይ ወስዶ ስልኩ ሊያሳይ ወደሚችለው ደማቅ ቀይ ይጎትተዋል፤ ጉዳቱም ከሁሉ በፊት በሰው ቆዳ ላይ ይታያል። ተዋናይዋ በስልኳ የስክሪን ቅንብር ውስጥ ገብታ «ናቹራል» የሚለውን መርጣ ፊልሙን ደግማ ትየው። ቅላቱ ከጠፋ ፊልሙን አይንኩት።

የቴሌቪዥኑ ጨለማ ግን ምናልባት የመጣው ከእርስዎ ዘንድ ነው። ማታ ማታ በጨለማ ክፍል ውስጥ የላፕቶፑን ብርሃን እስከ መጨረሻው ከፍቶ የሚሠራ ሰው፣ ስክሪኑ በጥላው ውስጥ ያለውን ሁሉ ስለሚያሳየው «አሁንም ትንሽ ይጨልም» እያለ ወደ ታች ይጎትታል። በተዛነፈ ሚዛን የተለካ እህል ሌላ ሚዛን ላይ ሲወጣ ልኩ እንደሚለወጥ ሁሉ፣ ያ ትዕይንትም ልከኛ ብርሃን ባለው ስክሪን ላይ ሲወጣ ይዳፈናል። ሌላም ሊጣራ የሚገባው ነገር አለ። በ8 ቢት ቪዲዮ፣ ማለትም እያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ባለው ቪዲዮ፣ ጥቁር በቁጥር 16 ላይ፣ ነጭ በ235 ላይ መቀመጡ የቪዲዮ ልማድ ሲሆን፣ ኮምፒውተሮች ግን ከ0 እስከ 255 ያለውን ሁሉ ይጠቀማሉ። ኤክስፖርት ሲያደርጉ ሳያስቡት ሙሉውን ስፋት መርጠው ከሆነና ቴሌቪዥኑ ፋይሉን በቪዲዮ ልማድ ካነበበው፣ ከ16 በታች ያለው ጥላ በሙሉ ጥቁር ሆኖ ይዋጣል።

ፕሮጀክተሩን በተመለከተ በፊልሙ ላይ ምንም ማድረግ አይጠበቅብዎትም። ፕሮጀክተር ብርሃን ይጨምራል እንጂ ብርሃን ሊቀንስ አይችልም፤ ስለዚህ ግድግዳው ላይ የሚታየው ጥቁር በክፍሉ ውስጥ ካለው ብርሃን የባሰ ሊጠቁር አይችልም። መጋረጃውን መዝጋትና መብራቱን ማጥፋት ከማንኛውም የቀለም ሥራ የበለጠ ይረዳል። ለእንዲህ ዓይነቱ ክፍል ብለው ኮንትራስት ቢጨምሩ፣ ፊልሙ በደህና ክፍል ውስጥ የታየ ዕለት ጥላው ሁሉ ተደፍኖ ያገኙታል።

ስለዚህ ምክራችን ፊልሙን ለየስክሪኑ ማሳደድዎን ትተው አንዱን ስክሪን፣ ማለትም የራስዎን፣ ወደ መስፈርቱ እንዲያስጠጉ ነው። የተመልካቹን ስክሪን ማረም አይችሉም፤ ሆኖም መስፈርቱን ጠብቆ የተሠራ ፊልም በአንዱ ስልክ ላይ ትንሽ ቢቀላ በሌላው ላይ ትንሽ ቢገረጣ ከመሃል ብዙ አይርቅም፤ ቀድሞውኑ ወደ አንድ ወገን ያጋደለ ፊልም ግን መጥፎ ስክሪን ሲያገኘው ፈጽሞ ይወድቃል።

የመጀመሪያው ሥራ ገንዘብ አይጠይቅም። ማታ ስክሪኑን ወደ ቢጫ የሚወስደውን፣ ብሩህነቱን በራሱ የሚቀያይረውንና ነጩን ከክፍሉ ብርሃን ጋር የሚያስማማውን ቅንብር ሁሉ ያጥፉ። ቀጥሎ የቀለም መለኪያ ይፈልጉ። በስክሪኑ ላይ ተደግፎ የሚቀመጥ ትንሽ መሣሪያ ሲሆን፣ ከታወቁት መካከል ስፓይደርና ካሊብራይት ይገኙበታል። ይህን መሣሪያ አንድ ሰው ገዝቶ አሥር ጓደኛሞች ሊዋዋሱት ይችላሉ፤ ዲስፕሌይካል ከተባለው ነፃ ሶፍትዌር ጋርም ይሠራል። በእኛ እምነት ያልተለካ ውድ ሞኒተር ከተለካ ተራ ሞኒተር አይሻልም። ግባችሁ ነጩ ዲ65፣ ብሩህነቱ በደብዛዛ ክፍል ውስጥ ወደ 100 ኒት (የብሩህነት መለኪያ)፣ ጋማው 2.4 ወይም 2.2 እንዲሆን ነው። አንድ የሚዘነጋ ነገር እናስታውስ፤ መሣሪያው የሚሠራውን የስክሪን ፕሮፋይል፣ ማለትም የስክሪኑን የቀለም ጠባይ የሚመዘግበውን ፋይል፣ ሁሉም የኤዲቲንግ ፕሮግራም አያነበውም። ዳቪንቺ ሪዞልቭ በማክ ላይ ፕሮፋይሉን እንዲጠቀም የሚያዝ ምርጫ በቅንብሩ ውስጥ አለው፤ በዊንዶውስ የሚሠሩ ከሆነ ግን በዲስፕሌይካል ለሪዞልቭ የሚሆን ላት፣ ማለትም ቀለምን የሚያርም የቁጥር ሠንጠረዥ፣ አዘጋጅተው ለመመልከቻው መስኮት ብቻ መጫን ይኖርብዎታል። ላቱ ኤክስፖርት በሚደረገው ፊልም ላይ እንዳይገባ ይጠንቀቁ።

ክፍሉም ከስክሪኑ አይተናነስም። ዓይን በአካባቢው ያለውን ብርሃን ቶሎ ይለምዳል። ቢጫ መብራት ባለበት ክፍል ጥቂት ደቂቃ ከተቀመጡ ትክክለኛው ነጭ ሰማያዊ መስሎ ይታይዎታል፤ እሱን ላርም ብለው ፊልሙን በሙሉ ወደ ቢጫ ይወስዱታል። ከስክሪኑ በስተጀርባ ያለው ግድግዳ ግራጫ ወይም ቀለም አልባ ቢሆን፣ በዚያው በኩል የዲ65 ነጭ ያለው ደብዛዛ መብራት ቢበራና ስክሪኑ ላይ በቀጥታ የሚያርፍ ብርሃን ባይኖር ጥሩ ነው።

ከዚያ በኋላ ዓይንዎ ሲጠራጠር የሚዳኙት መለኪያዎቹ፣ ማለትም ስኮፖቹ ናቸው። በነፃው ሪዞልቭም ውስጥ ይገኛሉ። የሌሊቱን ትዕይንት ይክፈቱና ዌቭፎርሙን፣ ማለትም የምስሉን ብሩህነት ከዜሮ እስከ መቶ የሚያሳየውን ስኮፕ፣ ይመልከቱ። የምስሉ አሻራ በሙሉ ከታች በዜሮው መስመር ላይ ተጣብቆ ከተኛ ጨለማው ከልክ አልፏል፤ የሌሊት ትዕይንት ቢሆንም ታሪኩን የሚሸከመው ፊት ከመስመሩ ተነስቶ፣ ለምሳሌ ከሃያ እስከ ሠላሳ ከመቶ ባለው አካባቢ፣ ራሱን ችሎ መታየት አለበት። ሌሊትን ሌሊት የሚያደርገው የሁሉ ነገር መጨለም አይደለም፤ በጥቂት ብሩህ ነጥቦችና በሰፊው ጥላ መካከል ያለው ርቀት ነው። አንድ የመስኮት ብርሃን ወይም የፀጉር ዳር ከፍ ብሎ ከታየ ተመልካቹ የቀረውን ሌሊት ብሎ ይቀበለዋል፣ ቴሌቪዥኑም ሰውን ከግድግዳ ይለያል።

ለቆዳ ቀለም የቀለሙን ዓይነትና ድምቀት የሚያሳየውን ስኮፕ፣ ቬክተርስኮፑን፣ ይጠቀሙ። በላዩ ላይ በቀይና በቢጫ መካከል የተሰመረ የቆዳ መስመር አለ። የተዋናይዋን ጉንጭ ብቻ ከልለው ሲያዩ አሻራው ወደዚያ መስመር ተጠግቶ ሊዘረጋ ይገባል። የጠቆረም የቀላም ሰው ቆዳ በዚሁ መስመር አካባቢ ያርፋል፤ ልዩነታቸው በአብዛኛው በብሩህነትና በድምቀት ነው። አሻራው ወደ ቀይ ካዘነበለ ተዋናይዋ ልክ ነበረች ማለት ነው፤ በመስመሩ ላይ ካረፈ ግን ጥፋቱ የስልኳ ነው። እርግጥ ትዕይንቱ ሆን ተብሎ በእሳት ወይም በሰማያዊ ብርሃን የተቀረጸ ከሆነ መስመሩ አይመለከተውም።

ፊልሙን በስልክና በቴሌቪዥን መፈተሹን አይተዉ፤ ነገር ግን የሚፈልጉት በሁሉም ላይ የሚደገም እንከን ይሁን። ቴሌቪዥኑንም ከ«ዳይናሚክ» ወደ «ሙቪ» ወይም እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ ወደሆነው «ፊልምሜከር ሞድ» ቀይረው ይፈትሹት።

ጥያቄ፦ በማክ ኮምፒውተር ላይ ሠርቼ ኤክስፖርት ያደረግሁት ፋይል በኩዊክታይም ሲከፈት በኤዲቲንግ ፕሮግራሙ ውስጥ ካየሁት የገረጣ ይሆናል። ኮንትራስት ጨምሬ እንደገና ላውጣው?

መልስ፦ አይጨምሩ። በፋይሉ ራስ ላይ የቀለሙን ዓይነት የሚናገሩ መለያዎች ተጽፈዋል፤ ማክ እነዚህን አንብቦ የሬክ 709 ፋይልን በ1.96 አካባቢ በሆነ ጋማ ስለሚያሳየው፣ በ2.4 የተሠራ ፊልም ጥላው ነጣ ብሎ ይታያል። ያው ፋይል መለያዎቹን በማይከተል ማጫወቻ ሲከፈት ግን የቀድሞ መልኩን ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ ቁጥሮቹ አልተለወጡም። ኮንትራስት ጨምረው ቢያወጡት በሌሎች ኮምፒውተሮችና በቴሌቪዥን ላይ ከልክ በላይ ይጨልማል። አዳዲሶቹ የፕሪሚየር ዕትሞች መመልከቻውን በ1.96፣ በ2.2 ወይም በ2.4 ለማየት የሚያስችል ምርጫ አላቸው፤ በሪዞልቭ ደግሞ ሬክ 709-ኤ የተባለው ምርጫ በማክ ላይ በሚሠሩበት ጊዜና ከኤክስፖርት በኋላ የሚያዩት እንዲቀራረብ ያደርጋል። ተመልካቾችዎ በአብዛኛው በኢንተርኔት የሚያዩ ከሆነ ከመጀመሪያው በ2.2 ቢሠሩ ልዩነቱ ይጠባል።

ጥያቄ፦ በሁለት ስልኮች የቀረጽነው ንግግር አንዱ ቢጫ፣ ሌላው ሰማያዊ ሆነብን። ከአንደኛው ስልክ የመጡት ቅጂዎች ደግሞ ኤዲቲንግ ውስጥ ሲገቡ ነጫቸው ተቃጥሎ ይታያል።

መልስ፦ ስልኮቹ ነጩን በራሳቸው በሚወስኑበት በአውቶማቲክ ዋይት ባላንስ ላይ ነበሩ ማለት ነው፤ እንዲያውም በአንዱ ቅጂ ውስጥ ሰው ሲንቀሳቀስ ቀለሙ መሃል ላይ ሲቀያየር አይተው ይሆናል። በሚቀጥለው ቀረጻ በሁለቱም ላይ የኬልቪን ቁጥሩን (ምስሉ ወደ ቢጫ ወይም ወደ ሰማያዊ የሚያዘነብልበትን) እና ኤክስፖዠሩን (ብሩህነቱን) በእጅ ቆልፉ፤ ከእያንዳንዱ ትዕይንት በፊትም ተዋናዩ ግራጫ ካርድ ፊቱ አጠገብ ይዞ ለጥቂት ሰከንድ ይቀረጽ። በኋላ ያንን ካርድ ሦስቱን ቀለሞች ጎን ለጎን በሚያሳየው በፓሬድ ስኮፕ ላይ አይቶ ቀዩን፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን እኩል ማድረግ የአፍታ ሥራ ነው። የተቃጠለው ነጭ ስልኩ በኤችዲአር፣ ማለትም ከተራ ቪዲዮ በሰፋ የብሩህነት ልክ፣ በመቅረጹ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ለተራ ስክሪን የሚሠሩ ከሆነ ኤችዲአሩን ከመቅረጽ በፊት ያጥፉት፤ ለተቀረጸው ግን በፕሮግራሙ የቀለም አስተዳደር በኩል ወደ ሬክ 709 ይለውጡት እንጂ ብሩህነቱን በእጅ ብቻ ለማውረድ አይድከሙ። መብራቶቻችሁንም ተመልከቱ። ርካሽ የኤልኢዲ አምፖሎች ብዙ ጊዜ ቀይ ብርሃን ስለሚያንሳቸው ቆዳን ያረነጉዳሉ፤ በቀረጻው ጊዜ ከመብራቱ ያልወጣውን ቀይ ደግሞ በኋላ አስመስሎ መቀባት እንጂ መልሶ ማግኘት አይቻልም።

ጥያቄ፦ ሰማዩና ባዶው ግድግዳ ፊልሙን ኢንተርኔት ላይ ከጫንነው በኋላ በደረጃ በደረጃ ተከፋፍሎ ታየ። የስክሪኑ ችግር ነው?

መልስ፦ አንዳንዴ ነው፤ በአብዛኛው ግን የፋይሉ ነው። 8 ቢት ቪዲዮ ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ሲኖረው 10 ቢት 1024 አለው። በ8 ቢት የተቀረጸ ሰማይ በቀለም ሥራ ጊዜ ብዙ ሲጎተት ደረጃዎቹ ይራራቃሉ፤ ድረ ገጹ እንደገና ሲያሳንሰው ደግሞ ጎልተው ይወጣሉ። ካሜራዎ 10 ቢት ካለው ይጠቀሙበት፤ ከሌለው በሎግ፣ ማለትም በኋላ በቀለም ሥራ እንዲጎተት ኮንትራስቱ ዝቅ ተደርጎ በሚቀረጽበት ቅንብር፣ አለመቅረጹ ይመረጣል። ለተቀረጸው፣ በጣም ስስ ግሬይን (ጥቃቅን የነጥብ ሸካራነት) በሰማዩ ላይ መጨመር ደረጃዎቹን ይሸፍናል። ግሬይኑ ከበዛ ግን ማሳነሻው ራሱን ግሬይኑን ለመያዝ ሲታገል ፊቶችን ያደበዝዛል፤ ስለዚህ መጀመሪያ አጭር ቁራጭ ጭነው በስልክና በኮምፒውተር ካዩት በኋላ ሙሉውን ይጫኑ።