ያገለገለ ባኬት ትራክ ልትገዙ ላሰባችሁ

ሰላም ልጆቼ። መብራት የምትሰቅሉ፣ ዛፍ የምትገረዙ፣ የማስታወቂያ ሰሌዳ የምትገጥሙ ወጣቶች ደጋግማችሁ ትጠይቁኛላችሁ። «ሰው በቅርጫት ወደ ላይ የሚያወጣ መኪና ልገዛ ነው፤ የአዲሱ አቅም የለኝም፤ ያገለገለ ስገዛ ምን ልይ?» ትላላችሁ። እኔ ተሸውጄ ነው የተማርኩት። ከዚያው ልጀምር።

የመጀመሪያዬን ስገዛ ዓይኔ ያረፈው ቀለሙ ላይ ነበር። ነጭ፣ ገና መቀባቱ፣ የሚያብረቀርቅ። ኪሎ ሜትሩም ትንሽ ነው። ደስ ብሎኝ ከፈልኩ። ሦስት ወር ሳይሞላ ቅርጫቱን የሚሸከመው ክንድ ከሥሩ ካለው ማዞሪያ ጋር በሚገጥምበት ቦታ ቀለሙ ላይ ፀጉር የመሰለች መስመር ታየች። ዝናብ ሲዘንብ ከውስጧ የዝገት ውሃ ይወርዳል። መካኒኩ በሽቦ ብሩሽ ፈቅፍቆ አሳየኝ፤ የተሰነጠቀው ብየዳው ራሱ ነው። በዚያ ቅርጫት ስንት ጊዜ ሰው እንዳወጣሁ ሳስብ አሁንም ሰውነቴን ይወረኛል። ሌላው ሁሉ አርጅቶ ክንዱ ብቻ ትኩስ ቀለም ከለበሰ ጠርጥሩ።

ኪሎ ሜትሩም ሸውዶኛል። ይህ መኪና የሚሠራው ቆሞ ነው። ሞተሩ በሚኒሞ፣ ማለትም መኪናው ቆሞ በዝቅተኛ ዙር እየዞረ ክንዱን በዘይት ግፊት የሚያንቀሳቅሰውን የሃይድሮሊክ ፓምፕ ያሠራል፤ ቆጣሪው ግን ንቅንቅ አይልም። አንድ ሰዓት በሚኒሞ መሥራት ሞተሩን የሚያደክመው በግምት ከ40 እስከ 50 ኪሎ ሜትር የመንዳት ያህል ነው። ስለዚህ ሞተሩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ጠይቁ።

ለማየት ስትሄዱ ሞተሩ ቀዝቅዞ ይጠብቃችሁ። ሻጩ አሙቆ ከጠበቃችሁ የጠዋት አነሳሱን አታዩትም። ቅርጫቱን ባዶውን፣ ከታች ባለው መቆጣጠሪያ አስነሱት። ክንዱ ተዘርግቶ ሳለ ሞተሩን አጥፉ። ክንዱን በዘይት ግፊት የሚደግፈው ሲሊንደር የሚያብረቀርቅ ዘንግ አለው፤ ዘንጉ ላይ፣ ወደ ውስጥ ከሚገባበት አፍ አጠገብ ፕላስተር ለጥፉና ሩብ ሰዓት ጠብቁ። ከክንዱ ሥር ግን ማንም አይቁም። ዘንጉ ፕላስተሩን ይዞ ከሰመጠ ክንዱ በራሱ እየወረደ ነው። ወይ ሲሊንደሩ ውስጥ ዘይት እንዳያልፍ የሚዘጋው ጎማ (ጎሚኒው) አልቋል፣ ወይ ዘይቱን የሚይዘው ቫልቭ ያሳልፋል። ሻጩ «ይሄ ቀላል ነው» ካለ፣ ሠርቶ ያስረክባችሁ።

ቀጥሎ ሞተሩ እንደጠፋ ክንዱን በአደጋ ጊዜ ማውረጃው አስወርዱት። ይህን የሚሞክር ገዢ ብዙም አላየሁም። ላይ ያለው ሰው ራሱን ቢስት የምታወርዱት በእሱ ነው። የዘይት ፍሳሽ ስትፈልጉ ደግሞ ቱቦውን በእጅ እንዳትዳስሱ። በመርፌ ቀዳዳ በምታህል ስንጥቅ የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። ካርቶን አስጠጉ፤ ካለ ካርቶኑ ይረጥባል።

ሥራችሁ የኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ክንዱ ፋይበር ግላስ ስለሆነ ብቻ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም ማለት አይደለም። ቆሻሻ፣ እርጥበትና ጭረት መከላከያውን ያዳክሙታል። በየጊዜው በመሣሪያ ይፈተሻል፤ የመጨረሻውን ፍተሻ ወረቀት ካላያችሁ እንደ ብረት ክንድ ቁጠሩት። ፍተሻውን ያለፈውም ቢሆን ሁለት ሽቦ ባንዴ የነካን ሰው አያድንም።

ስለ ከፍታው አጭር ነገር ልበል። ሻጭ የሚነግራችሁ ቁጥር ብዙ ጊዜ ቅርጫቱ ውስጥ የቆመው ሰው እጁን ዘርግቶ የሚደርስበትን ጨምሮ ነው። የቅርጫቱ ወለል ከዚያ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ዝቅ ይላል። ቅርጫቱ ስንት ኪሎ እንደሚችልም ክንዱ ላይ ከተለጠፈው ሰሌዳ አንብቡ፤ ሰሌዳው ተነቅሎ ከሆነ ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛው መኪናዬ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ወንበሩ የተቀደደ ነበር። ባለቤቱ ግን የየዓመቱን የፍተሻ ወረቀት በአንድ ፋይል ሰብስቦ አስቀምጦ ነበር። ቁጭ ብዬ አንድ በአንድ አነበብኩት፤ ያኔውኑ ተስማማን። ዘጠኝ ዓመት ሠራሁበት። ወንበሩን ግን እስክሸጠው ድረስ አላሰፋሁትም።