የመንገድ ሰዓት የሥራ ሰዓት የሚሆነው መቼ ነው?

ጠያቂያችን ከቆዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ተነሥተው መገናኛ ወደሚገኘው ቢሯቸው ለመሄድና ለመመለስ በየቀኑ 4 ሰዓት ያህል በታክሲ ሰልፍና በመንገድ ላይ እንደሚያልፍ ገልጸው፣ ይህ ጊዜ ሊከፈልበት አይገባም ወይ ሲሉ ጠይቀዋል። በጄኔሬተር ጥገና ለ14 ዓመታት ስሠራ ይኸው ጥያቄ በእኔም ላይ ደርሷልና ያየሁትን ልንገርዎ።

ከቤት እስከ ቋሚ የሥራ ቦታ ያለው መንገድ በደመወዝ ይታሰብ የሚለውን አልደግፍም፤ ምክንያቱም አሠሪዎች ሩቅ የሚኖረውን ሰው መቅጠር ይተዋሉ ብዬ እሰጋለሁ፣ የሚጎዳውም የቤት ኪራይ ወደ ከተማው ዳር የገፋው ሠራተኛ ነው። ለእርስዎ ሰርቪስ መጠየቁ ይሻላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 97 መሠረት፣ ድርጅቱ ለሠራተኞቹ በመደበው ወይም ለዚሁ በተከራየው መኪና ሲሄዱ ወይም ሲመለሱ የሚደርስ አደጋ በሥራ ላይ እንደደረሰ ይቆጠራል፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም።

አሠሪው ራሱ የሚልከን መንገድ ግን ፈጽሞ ሌላ ጉዳይ ነው። እኛ ከንጋቱ 12፡30 መጋዘን ተገኝተን የመፍቻ ሳጥን፣ የዘይት ጀሪካንና ፊልትሮ ፒካፕ ላይ እንድንጭን እንታዘዝ ነበር፤ አዳማ ደርሰን ደንበኛው ዘንድ ስንፈርም 3 ሰዓት ይሆናል፣ የሥራ ሰዓታችንም የሚጀምረው ከዚያ ፊርማ ነበር። ማታ ዕቃውን መልሰን የመጋዘኑን ቁልፍ እስክናስረክብ ያለውም ጊዜ አይታሰብልንም።

አንድ ባልደረባችን ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዝቶ ቀኑን፣ ከመጋዘን የወጣንበትንና የተመለስንበትን ሰዓት፣ ትእዛዙን የሰጠውን ኃላፊ ለ2 ወር መዘገበ፤ በሠራተኛ ማኅበሩ በኩልም አቀረብነው። ሥራ አስኪያጁ መኪና ውስጥ ተቀምጣችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ተኝታችሁ ነው የምትጓዙት አሉን። ጀሪካኑን በእግሩ መካከል ይዞ ያንቀላፋው ሰው ግን መንገድ ላይ ወርዶ የራሱን ጉዳይ መፈጸም አይችልም። የአዋጁ አንቀጽ 61 ለሥራ ዝግጁ ሆኖ መገኘትንም በሥራ ሰዓት ውስጥ ስለሚያስገባ፣ እኔ እንደምረዳው ያ ጊዜ የአሠሪው ነው። ከብዙ ክርክር በኋላ ሰዓቱ ከመጋዘን ጀምሮ እንዲቆጠር፣ ከ8 ሰዓት ያለፈውም በቀን የትርፍ ሰዓት ተመን በ1.5 ተባዝቶ እንዲከፈል ተስማሙ፤ ያለፈውን ግን አልከፈሉንም፣ እስከ ዛሬም ይቆጨኛል።

የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2015 የስፔን ቴክኒሺያኖችን ጉዳይ ሲመለከት፣ ቋሚ የሥራ ቦታ የሌለው ሠራተኛ ከቤቱ ወደ መጀመሪያው ደንበኛ፣ ከመጨረሻውም ደንበኛ ወደ ቤቱ የሚጓዝበት ጊዜ የሥራ ሰዓት ነው ብሏል፤ የክፍያውን መጠን ግን ለየአገሩ ሕግ ተወው።

ስለዚህ እርስዎም ከቢሮ ውጭ ለሥራ የሚላኩባቸው ቀናት ካሉ፣ የተነሡበትንና የተመለሱበትን ሰዓት፣ የላከዎትንም ሰው ከዛሬ ጀምረው ይመዝግቡ።